ማስታወሻ መያዝ፦ ከውለታ ወደ ሥርዓት

(በፋካልቲያችን የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ቀላል የሚመስል ነው፤ በመማሪያ ክፍል ተቀምጦ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ በበጎ ፈቃድ ማስታወሻ መያዝ። ብዙዎቻችን ይህን ሥራ የምናውቀው በደግነት ስም ነው። አንድ ተማሪ ለዶርም ጓደኛው ደብተሩን ያውሰዋል፤ ማታ ማታ ያነብለታል፤ እኛም «እግዜር ይስጠው» ብለን እናልፋለን። እኔ ግን ይህ ሥራ ሙያ እንዳለው፣ ሥነ ምግባር እንዳለው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በደግነት ብቻ ሊቆም እንደማይችል ለማሳየት እሞክራለሁ።

ንግግሬ አራት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያ ማስታወሻ ያዥ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ በሁለተኛ ደረጃ ጥሩ ማስታወሻ ምን እንደሚመስል፣ በሦስተኛ ደረጃ በበጎ ፈቃደኛውና በተማሪው መካከል ሊኖር ስለሚገባው ግንኙነት፣ በመጨረሻም ስለ ተቋሙ ድርሻ እናገራለሁ።

፩. ማስታወሻ ያዥ ለምን ያስፈልጋል?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንላለን። ምሳሌው ለጽሑፍ ያደላል፤ ይሁን እንጂ የአገራችን ነባር ትምህርት ለብዙ ዘመን የቆመው በቃል ላይ ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ከመምህሩ አፍ የሰማውን እየደጋገመ በቃሉ ያጠናል፤ ዜማውንም ቅኔውንም የሚቀበለው በጆሮው ነው። በዚህም ምክንያት ዓይነ ስውራን በዚያ ጉባኤ ባይተዋር አልነበሩም፤ ከተማሪነት አልፈው የዜማና የቅኔ መምህራን የሆኑ ብዙዎች ናቸው። ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ዓይነ ስውራንም በእስልምና ትምህርት ዘንድ የታወቁና የተከበሩ ናቸው።

አሁን ያንኑ ተማሪ ወደ ዘመናዊው የዩኒቨርሲቲ ክፍል እናምጣው። መምህሩ ግማሹን በአፉ ይናገራል፤ ግማሹን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ የቀረውን በፕሮጀክተር ያሳያል። ፈተናው የሚወጣው ከሦስቱም ነው። በጉባኤው ቤት እንቅፋት ያልነበረው ዓይነ ስውርነት እዚህ እንቅፋት ሆነ። የተማሪው ዓይን እንደ ነበረ ነው፤ የተለወጠው ትምህርቱ የሚሰጥበት መንገድ ነው። መንገዱን የለወጥነው እኛ ከሆንን፣ መሻገሪያውን የማበጀት ኃላፊነትም የእኛ ነው ማለት ነው።

መሻገሪያው ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። በስሌትና በስታይለስ የሚጽፍ ዓይነ ስውር ተማሪ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ይወጋል፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ እንዲነበብም ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋል። በአማርኛ ብሬይል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ፣ ለእኛ አንድ ፊደል የሆነው «ሙ» ለእርሱ ሁለት ምልክት ነው። መምህሩ በዚህ መካከል አይጠብቀውም። ቢጠብቀው እንኳ በሰሌዳው ላይ ያለው ነገር አሁንም አይደርሰውም።

መስማት የተሳናት ተማሪ ችግር ሌላ ነው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከተመደበላት ትምህርቱን የምትከታተለው በዓይኗ ነው። ዓይኗን ከአስተርጓሚው እጅና ፊት ላይ አንሥታ ወደ ደብተሯ ባጎነበሰች ቁጥር፣ በዚያች ቅጽበት የተባለው ሁሉ ያመልጣታል። እኛ እየጻፍን መስማት እንችላለን፤ እርሷ ግን ወይ ትጽፋለች ወይ ትከታተላለች። ስለዚህ «አስተርጓሚ አላት፤ ሌላ ምን ያስፈልጋታል?» የሚለው አነጋገር የችግሩን ግማሽ ብቻ ያየ ነው።

እጁን እንደ ልብ ማዘዝ የማይችል ተማሪም አለ፤ ሰምቶና አይቶ የተረዳውን ወደ ወረቀት ማውረድ ያቅተዋል። በማንበብና በመጻፍ ላይ የተለየ የመማር ችግር ያለባቸውም፣ ሕመማቸው ድካም የሚያመጣባቸውም አሉ። ማንኛውም ጤነኛ ተማሪ እንኳ የሚናገረውን መምህር በብዕር ደርሶ አይዘውም፤ ንግግር ከእጅ ጽሕፈት በብዙ እጥፍ ይፈጥናልና። ልዩነቱ ጤነኛው ከሰማው ውስጥ መርጦ መጻፍ መቻሉ ነው። ማስታወሻ ያዥ የሚሰጠው ይህንኑ ዕድል ነው።

፪. ጥሩ ማስታወሻ ምን ይመስላል?

ለራስ የሚጻፍ ማስታወሻና ለሌላ ሰው የሚጻፍ ማስታወሻ አንድ አይደሉም። ለራሴ ስጽፍ የማውቀውን እዘላለሁ፤ ሦስት ቃል ጽፌ የቀረውን በአእምሮዬ አስቀምጣለሁ። ለሌላ ሰው ስጽፍ ግን የእኔ አእምሮ ከደብተሩ ጋር አብሮ አይሄድም። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ፣ ማስታወሻው ክፍል ውስጥ ያልነበረ ሰው ቢያነበው እንኳ እንዲገባው አድርጎ መጻፍ ነው።

በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። የምጣኔ ሀብት መምህር በሰሌዳው ላይ ሥዕል ሥሎ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ይኸውላችሁ፣ ይህ ከዚህ ወደዚህ ሲሄድ፣ እዚህ ጋ ያለው እዚያ ይሆናል።» ለሚያይ ተማሪ ይህ ንግግር ሙሉ ነው። ለማያይ ተማሪ ግን «ይህ»፣ «ከዚህ»፣ «እዚያ» የሚሉት ቃላት ባዶ ናቸው። ቸኩሎ የሚጽፍ ማስታወሻ ያዥ «መስመሩ ይንቀሳቀሳል» ብሎ ያልፋል። ሥራውን የሚያውቅ ማስታወሻ ያዥ ግን እንዲህ ይጽፋል፦ «ሥዕል፦ ቋሚው መስመር ዋጋ፣ አግዳሚው መጠን ነው። የፍላጎት መስመር ከግራ ከላይ ተነሥቶ ወደ ቀኝ እያዘቀዘቀ ይወርዳል። የሸማቹ ገቢ ሲጨምር መስመሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ በዚያው ዋጋ የሚፈለገው መጠን ይጨምራል።» ሥዕሉን በቃል የገለጸው ማስታወሻ ተማሪው ፈተና ላይ የሚጠየቀውን ነገር ይዟል። የመጀመሪያው አልያዘም።

ከዚህ በመነሣት በእያንዳንዱ ማስታወሻ ውስጥ ሊገኙ የሚገባቸውን ነገሮች ልዘርዝር። በራስጌው ላይ ቀኑ፣ የትምህርቱ ስምና ምዕራፉ፣ እንዲሁም የገጹ ቁጥር ይጻፋል። በሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቃል፣ ቀመር ወይም ትርጓሜ ሳይለወጥ ይገለበጣል። መምህሩ የሰጠው ምሳሌ አይዘለልም፤ ብዙ ጊዜ ጽንሰ ሐሳቡን የሚያስረዳው እርሱ ነውና። ከተማሪዎች የተነሣ ጥያቄና የተሰጠው መልስ ይመዘገባል። ይህ በተለይ መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች አስፈላጊ ነው፤ ከኋላ ወንበር የተነሣ ጥያቄ ለአስተርጓሚው እንኳ በደንብ ላይሰማ ይችላል። በመጨረሻም በክፍሉ መውጫ ላይ በጥድፊያ የሚነገሩት ማስታወቂያዎች ይጻፋሉ፤ የፈተና ቀን፣ የቤት ሥራ ማስረከቢያ፣ የክፍል ለውጥ። አንድ ተማሪ ትምህርቱን ሁሉ አውቆ የፈተናው ክፍል መቀየሩን ባለመስማቱ ብቻ ሊወድቅ ይችላል።

ቋንቋን በተመለከተም አንድ ነገር አለ። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም፣ መምህሩ ነገሩ ሲጠብቅበት ወደ አማርኛ ወይም ወደ ሌላ የአገራችን ቋንቋ ዘወር ማለቱ የታወቀ ነው። ማስታወሻ ያዡ ሙያዊውን ቃል በተነገረበት በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያውንም በተሰጠበት ቋንቋ ቢጽፍ ይሻላል። እዚያው ክፍል ውስጥ ለመተርጐም መሞከር ጊዜ ያባክናል፤ ስሕተትም ያስገባል።

ያልሰሙትን ነገር «አልሰማሁም» ብሎ በቦታው ማስፈር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የታማኝነት ምልክት ነው። ተማሪው ክፍተቱን ካወቀ መምህሩን ሊጠይቅ ይችላል። ክፍተቱ በግምት ከተሞላ ግን ግምቱን እንደ እውነት ያጠናዋል። የማስታወሻ ያዡ የራሱ ሐሳብም እንደዚሁ ነው፤ መጻፍ ካለበት ከመምህሩ ቃል ተለይቶ፣ የማን እንደ ሆነ ታውቆ ይጻፍ።

ማስታወሻው የሚደርስበት መልክም ከይዘቱ ያላነሰ ነገር ነው። ዛሬ ብዙ ተማሪዎች የደብተራቸውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይልካሉ። መስማት ለተሳናት ተማሪ ይህ ጥሩ ነው። ለዓይነ ስውር ተማሪ ግን የእጅ ጽሑፍ ፎቶ ማለት ባዶ ወረቀት ማለት ነው፤ በኮምፒውተሩ ላይ ያለው የማያ ገጽ አንባቢ ፕሮግራም ፊደሉን ለይቶ ሊያነብለት አይችልም። ለእርሱ ጽሑፉ በኮምፒውተር ተተይቦ፣ ርእሶቹ ተለይተው መላክ አለበት። አማርኛ ከሆነ ደግሞ በዩኒኮድ የተተየበ መሆን ይገባዋል፤ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የፊደል ዓይነቶች የተጻፈ ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ለፕሮግራሙ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ነው። መልኩን ለመምረጥ አንድ አስተማማኝ መንገድ አለ፤ ተማሪውን መጠየቅ።

፫. የውለታ ሸክም

አሁን ወደ ንግግሬ ዋና ነጥብ ደርሻለሁ። በባህላችን ውለታ ከባድ ነገር ነው። ውለታ የተዋለለት ሰው አንደበቱ ይታሰራል። የተሰጠው ነገር ቢጎድል «ጎደለ» አይልም፤ ቢዘገይ «ዘገየ» አይልም። «በነጻ እየጻፈልኝ እንዴት ፊደልህ አይነበብም እለዋለሁ?» ብሎ ያስባል። ለማኅበራዊ ኑሯችን ይህ መልካም ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ ለትምህርት ግን ጎጂ ነው። ማስታወሻ የሚሻሻለው ተጠቃሚው ሲተቸው ነውና።

ውለታ ሌላም ችግር አለበት፤ የሚጠፋው በጣም በሚፈለግበት ጊዜ ነው። የፈተና ሳምንት ሲደርስ ደጉ ጓደኛ ለራሱ ማጥናት አለበት። ሊፈረድበት አይገባም፤ እርሱም ተማሪ ነው። በዚያ ሳምንት ግን በእርሱ ደብተር ላይ ብቻ የተንጠለጠለው ተማሪ በዶርም ኮሪደር ላይ የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል። ጓደኛው ሲታመም ትምህርቱ ይቋረጣል፤ ሲጣሉ ደግሞ ሴሚስተሩ ሊበላሽ ይችላል። የአንድ ሰው የትምህርት ዕድል በሌላው ሰው ጤንነትና ስሜት ላይ ሊመሠረት አይገባም።

ስለዚህ በጎ ፈቃደኝነት ይቅር እያልሁ አይደለም። በጎ ፈቃድ በግል ውለታ መልክ ሲሰጥና በሥርዓት ሲታቀፍ ውጤቱ የተለያየ ነው ማለቴ ነው። በሥርዓት የታቀፈ በጎ ፈቃደኛ ቃል የሚገባው ለአስተባባሪው ነው። ተማሪው ቅሬታ ሲኖረው የጓደኛውን ፊት ሳያይ ለአስተባባሪው ይናገራል፤ አስተባባሪው ለጸሐፊው ያስረዳል፤ ጸሐፊውም እንደ ሥራ አስተያየት ይቀበለዋል። ወዳጅነቱ እንዳለ ይቀመጣል፤ ሥራውም ይሻሻላል።

የበጎ ፈቃደኛው ሥነ ምግባር ከዚህ ይመነጫል። የተማሪው የጉዳት ዓይነት የእርሱ የግል ጉዳይ ስለ ሆነ ለሌላ አይወራም። «የኔ ዓይነ ስውር» እያሉ መጥራት፣ በክፍል ፊት አጅቦ ማሳየት፣ የሚላከውን ማስታወሻ ለምስጋና ማትረፊያ ማድረግ አይገባም። የቤት ሥራ መሥራት፣ ፈተና ላይ መልስ መጠቆም የማስታወሻ ያዥ ሥራ አይደለም፤ ተማሪውን ከማገዝ ይልቅ ችሎታውን የሚያስክድ ነው። በማስታወሻ ያዡ ዘንድ ግዴታ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በክፍል ውስጥ የተባለውንና የታየውን በታማኝነት ማድረስ። ተረድቶ መቀበል፣ መጠራጠር፣ መከራከር የተማሪው ፈንታ ነው።

ይህን የምለው ለቃላት ማሳመር አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የመጣነው መምህሩ ያለውን ለመድገም ብቻ ሳይሆን ልንሞግተውም ጭምር ነው። የተባለውን በትክክል የማያውቅ ሰው የተባለውን ሊሞግት አይችልም። ለሁለት ሳምንት የዘገየ ማስታወሻ የሚደርሰው ተማሪ ለፈተናው ይደርስ ይሆናል፤ ለክርክሩ ግን አይደርስም። እጁን ሊያነሣ የሚገባው ቀን አልፎታል።

፬. የተቋሙ ድርሻ

ሕጉ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ያዝዛል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አካል ጉዳተኞች ከፍተኛ ትምህርትን ያለ አድልዎ፣ ከሌሎች ጋር በእኩልነት እንዲያገኙና ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግላቸው ይጠይቃል። እነዚህ ሕጎች ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ክፍል አይገቡም። የሚገባው ሰው ነው፤ ሰውየውን የሚያዘጋጀው ደግሞ ተቋም ነው።

በሌላ አገር የተደረገውን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት በሮቸስተር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በወጣ ሕግ መስማት ለተሳናቸው የሚሆን ብሔራዊ የቴክኒክ ተቋም በአንድ ሰፊ ኮሌጅ ውስጥ እንዲቋቋም ተወሰነ፤ የመጀመሪያ ተማሪዎቹንም በ1968 ተቀበለ። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ከሚሰሙት ጋር በአንድ ክፍል ሲቀመጡ አስተርጓሚ ብቻውን እንደማይበቃ ታየ፤ ማስታወሻ ያዦችን ማሠልጠንም የድጋፉ አካል ሆነ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የአገሪቱ የተሃድሶ ሕግ፣ በተለይም አንቀጽ 504፣ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ተቋማት በጉዳት ምክንያት እንዳያገልሉ ከለከለ። ዛሬ በዚያ አገር ባሉ በርካታ ኮሌጆች አንድ ቢሮ ከዚያው ክፍል በጎ ፈቃደኛ ተማሪ ይፈልጋል፤ ማስታወሻውን ተቀብሎ ለተማሪው ያደርሳል። እኛ ልንወስደው የሚገባን ትምህርት ገንዘቡን የሚመለከት አይደለም። መሣሪያቸው በመጀመሪያ ብዕርና ቅጂ የሚያወጣ ወረቀት ነበር። ትምህርቱ ኃላፊነቱ ስም ባለው ቢሮ ላይ ማረፉ ነው።

ለእኛ ፋካልቲ የማቀርበው ሐሳብ በአቅማችን ልክ ነው። ለእያንዳንዱ ትምህርት ሁለት ማስታወሻ ያዦች ይመደቡ፤ አንዱ ሲቀር ሌላው እንዲተካ። ሴሚስተሩ ሳይጀመር የግማሽ ቀን ሥልጠና ይሰጣቸው። ማስታወሻው ከሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በፊት እንዲደርስ ይወሰን። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አስተባባሪው ተማሪውን ለብቻው አነጋግሮ ማስታወሻው እንደሚረዳው ይጠይቅ፤ ስሕተት በጊዜ የሚታረመው ያን ጊዜ ነው። ለበጎ ፈቃደኞቹ ደብተርና እስክሪብቶ፣ በመጨረሻም የምስክር ወረቀት ይሰጣቸው።

እኛ መምህራንም ድርሻ አለን። ስላይዳችንን ከክፍል በፊት እንስጥ። በሰሌዳ ላይ የምንጽፈውን እየጻፍን ጮክ ብለን እናንብብ። «ይህ» እና «እዚያ» በማለት ፈንታ የነገሩን ስም እንጥራ። ከኋላ የተጠየቀውን ጥያቄ ከመመለሳችን በፊት ደግመን እናሰማ። እነዚህ ነገሮች ምንም ወጪ የላቸውም፤ የማስታወሻ ያዡን ሸክምም በግማሽ ያቀላሉ።



ከተሰብሳቢዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ዛሬ ሁሉም ሰው ስልክ አለው። ትምህርቱን በድምፅ መቅዳት ማስታወሻ ያዥን አይተካም?

መልስ፦ መቅዳት ጥሩ ረዳት ነው፤ መምህራንም ሊፈቅዱት ይገባል። ነገር ግን የሁለት ሰዓት ትምህርት ቅጂ ለመስማት ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በሳምንት ያሉትን ትምህርቶች ስትደምሩት ተማሪው ሳምንቱን ሁለት ጊዜ ይማራል ማለት ነው። ቅጂው በሰሌዳ ላይ የተጻፈውን አይዝም፤ መስማት ለተሳናት ተማሪም አይጠቅምም። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ ፕሮግራሞችም እንግሊዝኛና አማርኛ በተቀላቀለበት ክፍል ውስጥ በቀላሉ ይሳሳታሉ። ስለዚህ ቅጂው ማስታወሻውን ለማመሳከር ይጠቅማል፤ ቦታውን ግን አይወስድም።

ጥያቄ፦ ተማሪው ሁልጊዜ የሚጽፍለት ሰው ካለ ጥገኛ አይሆንም?

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ሁላችንም የምንደገፍበት ነገር እንዳለ አስታውሳለሁ፤ መብራቱ ሲጠፋ የማየው ሰው ሁሉ በመብራት እንደሚደገፍ ነው። ጥገኝነት የሚባለው ሰው ራሱ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ሌላው ሲሠራለት ነው። ማንበብ፣ ማሰብ፣ ፈተና መፈተን፣ መከራከር የተማሪው ሥራ ነው፤ ማንም አይነካበትም። ማስታወሻ ያዡ የሚሠራው ትምህርቱ የሚሰጥበት መንገድ የከለከለውን ብቻ ነው። ነገ ተማሪው ሁሉንም ነገር በራሱ የሚያገኝበት ክፍል ከሠራን ማስታወሻ ያዡ ወደ ራሱ ደብተር ይመለሳል። እስከዚያው ድረስ ግን በየክፍሉ ሁለት በጎ ፈቃደኞች ያስፈልጉናል፤ የመመዝገቢያው ቅጽ በዚህ አዳራሽ መውጫ ላይ ይገኛል።